የአሮጌው ደንብ ነገር

የዚህ ገጽ ቋሚ አንባብያን ከእኔ የሚጠብቁት ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ኑሮ ውድነት ወይም ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይዞታ እንድጽፍ መሆኑን አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታ እጽፋለሁ። ዕድሜው አርባዎቹን የተሻገረ፣ የዶክትሬት ማዕረግ የተሸከመ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን አየር ጤና በሚገኘው ቤቱ በረንዳ ላይ ከልጆች ጋር ስለ ጭራቅና ስለ ዘንዶ ሲከራከር ይውላል ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። ከሳቁ በኋላ ግን ስለ ደንብና ስለ ዳኝነት የምለው አለኝ፤ ይህም ከፖለቲካችን የራቀ አይመስለኝም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሚና እየያዙ የሚጫወቱት ይህ የጠረጴዛ ጨዋታ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ በታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አማካይነት ነው። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ከተሰበሰቡት አንዱ ዳኛ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ጦረኛ፣ የአንድ አስማተኛ ወይም የአንድ ካህን ሚና ይይዛሉ። ዳኛው በዙሪያቸው የሚታየውንና የሚሰማውን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ሌላው ሁሉ ንግግር ነው። ተረት ነው እንዳልል ሰሚው ራሱ የተረቱን ሰዎች ይመራል፤ ቲያትር ነው እንዳልል ያጠናው ጽሑፍ ያለው ሰው የለም።

የመጀመሪያው ደንብ የታተመው በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ሲሆን ሦስቱ ተደምረው 112 ገጽ ብቻ ነበሩ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ብቻውን 384 ገጽ አለው፤ የዳኛውና የጭራቆቹ መጻሕፍት ደግሞ ለየብቻቸው ናቸው። በሁለቱ መካከል ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው ሦስተኛ እትም ጋር ነው። በዚያ እትም ገደል መውጣት፣ መደበቅ፣ መዋሸት፣ ማሳመንና ማስተዋል ሳይቀሩ በቁጥር የሚለኩ ችሎታዎች ሆኑ። እኔም ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ጨዋታውን ያወቅሁት በዚህ ወፍራም ደንብ ነው፤ ባልደረቦቼ ከመናገራቸው በፊት ገጽ ሲገልጡ አይ ነበር።

ከዚያ የኋሊት የተመለሱ ሰዎች መጡ። በአሜሪካ ሕግ የጨዋታ አካሄድ በቅጂ መብት አይታጠርም፤ የሚታጠረው አካሄዱ የተገለጸበት ጽሑፍ ነው። ይህን የተገነዘቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ደንቦች በራሳቸው ቃል እየጻፉ ማሰራጨት ያዙ። በ2008 ማት ፊንች የተባለ ሰው የዚህን ወገን አስተሳሰብ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አብራራው፤ ዋና ሐሳቡ ደንብ ዝም ባለበት ቦታ ገጽ መግለጥ ትቶ ዳኛው ይፍረድ የሚል ነው። በጥር 2023 የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ቀድሞ ለሁሉም ክፍት ያደረገውን ፈቃድ ሊያጠብ ሲሞክር ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ኩባንያውም አፈግፍጎ መሠረታዊ ደንቡን ለሕዝብ ለቀቀ። 

አሁን ወደ በረንዳዬ ልመለስ። እኛ የምንጫወተው በአሮጌው ደንብ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ድህነት ነው፤ አልደብቅም። አዲሱ ጨዋታ ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 20 ገጽታ ዳይሶችን ይፈልጋል፤ በአካባቢያችን ሱቆች የሚገኘው የሉዶ ዳይስ ብቻ ነው። በ1974ቱ ደንብ ጎራዴም ሆነ ጩቤ፣ ማንኛውም መሣሪያ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ ተራ ባለ ስድስት ገጽታ ዳይስ ይወሰናል፤ ለመምታትም በሁለት ዳይስ የሚሠራ የቆየ መንገድ አለ። ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ አንድ የሒሳብ ደብተርና እርሳስ ካሉ ጨዋታው ሙሉ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ የሚበልጥ ነው። አሮጌው ደንብ ጥቂት ነገር ብቻ ይደነግጋል፤ የሚደነግገው ግን ሰውን የሚያሳስብ ነገር ነው። ለምሳሌ ብርሃንን ውሰዱ። ዋሻ ውስጥ ጊዜ በ10 ደቂቃ እየተከፈለ ይቆጠራል፤ ችቦ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ የኩራዙ ጋዝም ያልቃል። የእኔ ዋሻ የተቀዳው ከባሌው ሶፍ ዑመር ነው። የወይብ ወንዝ የፈለፈለው ያ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። እዚያ ውስጥ በአንድ ኩራዝ የገባ ሰው ስንት እርምጃ ገብቶ መመለስ እንዳለበት ያሰላል። ልጆቹ ይህን ሲያሰሉ ማየት እኔ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ከማገኘው ደስታ ይበልጣል።

ሀብትንም እንመልከት። በአሮጌዎቹ ደንቦች ገጸ ባሕርይው አብዛኛውን የልምድ ነጥብ የሚያገኘው ከገደለው ጭራቅ ሳይሆን ከዋሻው ይዞት ከሚወጣው ሀብት ነው። እንግዲህ መዋጋት ትርፉ ጥቂት፣ አደጋው ብዙ ይሆናል። ብልህ ተጫዋች ይሸሻል፣ ያታልላል፣ ይደራደራል። ለድርድሩም ደንቡ በር ይከፍታል፤ ጭራቅ ባጋጠመ ጊዜ ዳኛው ሁለት ዳይስ ጥሎ የጭራቁን ስሜት ያያል። ሁለት ከወጣ ወዲያው ያጠቃል፤ 12 ከወጣ ወዳጅ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ሁሉ በተጫዋቹ አንደበት የሚወሰን ነው። ጠላት የሚመስለው ሁሉ ገና ከመታየቱ ጠላት ነው ተብሎ አልተወሰነም። ይህን ያህል ትንሽ ደንብ ስንት ደም እንደሚያስቀር ለዚህ አገር ሰው መዘርዘር አያስፈልገኝም።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጭራቅ ገጠማቸው። ዳይሱ ዘጠኝ ወጣ። በስልክ ጨዋታ ያደገው የእህቴ ልጅ ወዲያው፣

«ጋሼ፣ የማሳመን ነጥቤ ስንት ነው?» አለኝ።

«ነጥብ የለህም። አፍ አለህ፤ ተናገር» አልሁት።

ዝም አለ። የ14 ዓመቷ የጎረቤታችን ልጅ ግን ከኪሷ ቆሎ ታወጣ ይመስል እጇን ዘርግታ ጭራቁን ከመቼ ጀምሮ ብቻውን እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ መፈልሰፍ ነበረብኝ። ጭራቁ ወንድሙን ከዋሻው ማዶ የሚኖረው ዘንዶ እንደበላበት ነገራት። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ሙሉ የውል ድርድር ሆነ፤ ማን ቀድሞ ይገባል፣ ሀብቱ እንዴት ይከፈላል፣ ዋሱ ማን ይሆናል። ዋስ የሚለውን ቃል ያመጣችው እርሷ ናት። በየትኛውም የደንብ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

የእህቴ ልጅ ግን አልተረታም፤ የሰጠኝ ክርክርም እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። «ጋሼ፣ ሁሉን የምትወስነው አንተ ከሆንህ፣ አንተ ካልወደድኸኝስ? ነጥብ ቢኖረኝ ኖሮ ቁጥሬን አሳይህ ነበር» አለኝ።

ይህ የልጅ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ደንብ የወፈረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንዱ ምክንያት የሚያዳላ፣ የሚበቀል፣ በራሱ ቃል የማይጸና ዳኛ የሰለቻቸው ተጫዋቾች መኖራቸው ነው። ክርክሩም ከዚህ ጨዋታ በፊት የነበረ ነው። የፕሩሺያ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1824 የተዋወቁት የጦር ጨዋታ በዳይስና በሰንጠረዥ የታሰረ ነበር፤ በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኖይስ የተባለ መኮንን ሰንጠረዦቹን ጥሎ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ሚዛን ይፍረድ አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ዳኛን እንዳያምን ያደረገው ጨዋታ አይደለም፤ ኑሮ ነው። ለአንዲት ማስረጃ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሷል። አንደኛው መስኮት የሰጠውን ቃል ሁለተኛው መስኮት አፍርሶበታል። እንዲህ ያለ ወጣት በቁጥር የተጻፈ ነገር ቢመኝ ምን ይፈረድበታል?

ሆኖም በዚያ መስኮት የነገሡት ደንብ ስላልነበራቸው አይደለም፤ ደንብስ ሞልቷቸዋል። «መመሪያው አይፈቅድም» ነበር ያሉት። መመሪያውን ማን እንደጻፈው፣ የት እንደሚገኝ፣ ነገ ይለወጥ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወፍራም ደንብ ዳኛውን ያስራል የሚለው እምነት ዳኛው ከመስኮቱ ጀርባ ሲሆን አይሠራም፤ መደበቂያ ይሆነዋል። እኔ ግን ከልጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጫለሁ። ያደላሁ ዕለት ፊታቸውን አያለሁ፤ ሁለት ቅዳሜ ካደላሁ ሦስተኛው ቅዳሜ ማንም አይመጣም። አሮጌው ደንብ ለዳኛው ያን ያህል ሥልጣን ሊሰጥ የቻለው ተጫዋቾቹ ተነሥተው መሄድ ስለሚችሉ ነው።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኋችሁ ነበር። የእኛው ሰንጠረዥ አለ። ዛሬ ተማሪዎቼ ቃሉን የሚያውቁት በመመረቂያ ጽሑፋቸው ውስጥ ቁጥር በረድፍና በዓምድ የሚደረደርበት ሣጥን ስም አድርገው ነው። በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግቢ ግን ሰንጠረዥ ጨዋታ ነበር። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አዘውታሪ መሆናቸውን ጽፏል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም አካሄዱን ዘግቧል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን ሰብስበው አቅርበውታል።

ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ በመስመር ብቻ የተከፋፈለ ነው። ንጉሥ አለ፤ ከጎኑ ፈርዝ አለ፤ እርሱም ዛሬ በንግሥቲቱ ቦታ የቆመ ሲሆን በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረስ እንደዛሬው ነው፤ ደር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መደቅ የምንላቸው እግረኞች አንድ አንድ ቤት ይገፋሉ። እስካሁን ያልሁት ከሌሎች ጥንታዊ የቼዝ ዓይነቶች ጋር ይቀራረባል። የእኛ ልዩ የሚሆነው አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ጀምረው እያንዳንዳቸው የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላች ቅጽበት ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው።

የዘመናዊ ቼዝ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል። እጁ የፈጠነው አያሸንፍም ወይ? ማን ይቆጣጠራል? መልሱ በተመልካቾቹ ዘንድ ነው። በጨዋታው ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ዝም ብሎ አያይም ነበር፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይፈርዳል። አሸናፊነቱም በቁጥር ብቻ አይለካም ነበር። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን ማት ማድረግ ሙያ የጎደለው ድል ይባል ነበር፤ በፊል ወይም በመደቅ ማት ያደረገ ግን ይወደሳል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ ደግሞ አይቻልም ነበር። እንዲህ ያለውን ድንጋጌ የሚያስከብረው ወረቀት ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሰው ዓይን ነው። እኔ በሕይወቴ ሰንጠረዥን በወረራ የሚጫወት ሰው አልገጠመኝም፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ቼዝ የሚጫወቱት በስልክ ነው፤ ስልኩም ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ዕድሉን አይሰጣቸውም። ስለዚህ ማፈርም መከራከርም አያስፈልጋቸውም።

ከጨዋታው ወጥተን ወደ አደባባይ ብንሄድም የምናገኘው ይህንኑ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ባለ ጉዳዮች በመንገድ ሲጣሉ የሚያልፈውን ሰው በሕግ አምላክ ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። የመንገድ ዳኛ የሚባለው ይህ ነው። መንገደኛው ጉዳዩን አያውቀውም፤ ለማንም አይወግንም፤ ክርክሩን ሰምቶ የመሰለውን ይፈርዳል። ያልረካው ከዳኛ ወደ ዳኛ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ይዘልቃል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ 3,367 አንቀጾች ይዞ መጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ቁጥር 3347 በሕጉ ውስጥ የተሸፈነውን ጉዳይ ሁሉ በተመለከተ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሻረ። በአንድ አንቀጽ!

የጥንቱን አወድሼ ልመልሰው አልፈልግም። በዚያ አደባባይ ሴት የነበራት ቦታ ጠባብ ነበር፤ ባላባት ከጭሰኛ ሲካሰስ ዳኛው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዚህ ያወጣን ነገር ብዙ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። 3,367 አንቀጾች የሚሠሩት ተከራክሮ መስማማትን፣ ተረትቶ መቀመጥን፣ በሰው ፊት ማፈርን ያወቀ ሕዝብ ሲኖር ነው፤ ይህን ትምህርት የሚሰጥ አንቀጽ ደግሞ የለም። ልጅ ይህን የሚማረው ደንቡ ክፍተት በተወለት ቦታ፣ ፊት ለፊት ከሚያየው ሰው ጋር ነው። ለዚህ ነው በአሮጌው ደንብ የሙጥኝ የምለው።

የእህቴ ልጅ ግን መፍትሔ ሳያመጣ አልቀረም። ስለ መንገድ ዳኛ የነገርሁትን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቅዳሜ፣ በዳኛው ፍርድ ያልተስማማ ተጫዋች በጨዋታ አንድ ጊዜ ከመንገድ ሰው ጠርቶ ማስፈረድ ይችላል የሚል ደንብ በደብተሩ ጽፎ መጣ። ድምፅ ተሰጠ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ደገፉት። በዚያው ዕለት ጉዳይ ተነሣ። ልጆቹ በዋሻው ውስጥ ወንዝ እየዋኙ ተሻገሩ፤ ኩራዙ ጠፋ። የጎረቤታችን ልጅ ልታበራው ፈለገች፤ እኔ ክብሪቱ ረጥቧል አልሁ። «ይግባኝ!» አለችና ተነሥታ ወጣች፤ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት በቆሎ የምትጠብሰውን ሴትዮ ይዛ ተመለሰች።

ሴትዮዋ መሐረቧን እያስተካከለች ቆማ ክርክሩን ከሁለታችንም አዳመጠች። ዘንዶውን፣ ጭራቁን፣ ዋሻውን አንድም አልጠየቀችም።

«ክብሪቱን የት ነበር የያዝሽው?» አለቻት።

«በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ነበር።»

«ነጠላውንስ?»

«ለብሼው ነበር።»

«ለብሰሽው ከዋኘሽማ ረጥቧል። በራስሽ ላይ ጠምጥመሽው ቢሆን ኖሮ እፈርድልሽ ነበር፤ እኔ በክረምት እንደዚያ ነው የማደርገው» ብላ ወደ ከሰሏ ተመለሰች።

ልጅቷ ተቀመጠች። የእህቴ ልጅ ስለ ራስ ላይ ጥምጥሙ በደብተሩ ጻፈ። ከዚያም በጨለማ ውስጥ ወዴት እንደሚሄዱ ይማከሩ ጀመር።